ስለ መጀመሪያው ሾትገን ምርጫ፤ ሸክላ ለመስበርና ወፍ ለማደን

በአገራችን ጠመንጃ ከጥንት ጀምሮ የወንድ ልጅ ጌጥ ሆኖ ኖሯል። ውጅግራ፥ ምኒሽር፥ ለበን፥ ናስ ማሰር እየተባሉ የመሣሪያዎቹ ስሞች በፉከራና በቀረርቶ ውስጥ ከጀግኖቹ ስም እኩል ሲጠሩ ኖረዋል። አባቶቻችን ለዚህ በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ የአገራቸው ነጻነት በእነዚሁ መሣሪያዎች ተጠብቋልና። ነገር ግን ከዚህ የክብር ታሪክ ጋራ አንድ የማይጠቅም ልማድ ተርፎን ቀርቷል፤ ይኸውም ጠመንጃ ስንመርጥ ለምን ሥራ እንደምንይዘው ከመጠየቅ ይልቅ በሰው ፊት እንዴት እንደምንታይበት ማሰባችን ነው። ዛሬ የምንናገረው ለጦር ሜዳ ስለ ተሠራው መሣሪያ አይደለም፤ ለወፍ አደንና ለሸክላ ዒላማ ጨዋታ ስለሚሆነው ስለ ሾትገን ነው። በዚህ ምርጫ ላይ ያ ልማድ ከገባ ጉዳቱ ቀላል እንዳይደለ ለማስረዳት እንወዳለን።

በምዕራብ ሐረርጌ በቦኬ ወረዳ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ነፍስ አባቱ ወይም ወደ አለቃው ቀርቦ፥ «ሕጉ ቢፈቅድልኝ የመጀመሪያዬን ሾትገን ልገዛ አስቤአለሁ፤ የትኛው ይሻለኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? ነገሩ የገበያ ጥያቄ ብቻ መስሎ ይታያል። ሲመረመር ግን የጎረቤት ሕይወት፥ የአራዊት ዘር፥ የጠያቂውም ኅሊና በመልሱ ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ይገኛል።

ቦኬ ከጭሮ፥ ከቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፥ ወደ ደቡብ የምትገኝ ወረዳ ስትሆን ዋና ከተማዋ ቦኬ ጥቆ ናት። ገበሬዋ ማሽላና በቆሎ ይዘራል፤ ጫትና ቡናም ያለማል። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ እያጮኹ ወፉንና ዝንጀሮውን ይከላከላሉ። ቆቅ በማለዳ ከቁጥቋጦ ሥር ይጮኻል፤ ጅግራ በመንጋ ሆኖ ከማሳው ዳር ይለቅማል። እንዲህ ባለ አገር ሰውና አራዊት የሚገናኙት በአንድ ማሳ ውስጥ ስለሆነ፥ ከቆቁ ኋላ ማማው፥ ከማማውም ላይ የሰው ልጅ መኖሩን ሳያስተውል ጠመንጃ የሚያነሣ ሰው ለአገሩ መቅሠፍት ነው።

የጨርጨር አገር በዚህ ነገር መልካም ምሳሌ አለው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛነትን ትምህርት በሚገባ የተማሩ ሰው ነበሩ። ከጣልያን ወረራ በፊት የጨርጨር ገዢ ሆነው በተሾሙ ጊዜ ግን ስማቸውን ያስጠሩት በመድፍ አይደለም፤ አሰበ ተፈሪን በመቈርቈርና ግዛቱ ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን በሥርዓት በማስተዳደር ነው። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። የመሣሪያን ኀይል ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሥርዓትን እንደሚያስቀድም ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ የጠመንጃው ዓይነት አይደለም፤ ሕጉን መጠበቅ ነው። ፈቃዱም አንድ አይደለም፥ ሁለት ነው፤ አንዱ ለመሣሪያው፥ ሁለተኛው ለአደኑ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንና መነገድን ይከለክላል። አደኑን ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541፥ በ2000 ዓ.ም. ከወጣው ደንብ ጋራ ይገዛዋል። ይህም ጥንቃቄ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጊዜ የአደን እንስሳትን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 61 ወጥቶ ነበር። የጠመንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ የማደን ፈቃድ ያለው አይደለም። ይህን ልዩነት ሕዝቡ እንዲረዳ ማድረግ የሹማምንት ተግባር ነው፤ ሹሙ ራሱ ሁለቱን ሳይለይ ቢገኝ ግን ሌላውን ሊመክር አይቻለውም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ሾትገን ከምኒሽርና ከመሰሎቹ የሚለየው፥ አንድ አረር በመወርወር ፈንታ በአንድ ቀለህ ውስጥ የታጨቁትን ትናንሽ የእርሳስ ፍሬዎች በአንድ ጊዜ የሚተፋ በመሆኑ ነው። በ24 ግራም ጥይት ውስጥ ያሉት ደቃቅ ፍሬዎች 300 ያህል ይደርሳሉ። የአፈሙዙም ውስጥ ልሙጥ ነው፤ አረር የሚያሽከረክር ጠመዝማዛ ቦይ የለውም። ፍሬዎቹ እየራቁ በሄዱ መጠን እየተበታተኑ ስለሚሄዱ፥ ለወፍ የሚሆነው ሾትገን ኀይሉ የሚታመነው እስከ 30 ወይም እስከ 40 ሜትር ድረስ ነው። ነገር ግን «ከዚያ በኋላ አይጎዳም» የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ ደቃቁ ፍሬ እንኳ 200 ሜትርና ከዚያም በላይ ሄዶ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሚተኮስበት አቅጣጫ እስከ 300 ሜትር ድረስ ከሰውና ከከብት ባዶ መሆን አለበት።

የሸክላ ዒላማ ጨዋታ የተጀመረው ለሚበር ወፍ ምትክ እንዲሆን ነው። ቀድሞ በአውሮፓና በአሜሪካ ርግብ በሕይወቷ ከሣጥን እየተለቀቀች ይተኮስባት ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ኦሊምፒክ በፓሪስ በተደረገ ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለ ውድድር ታይቷል። ነገር ግን ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ ጆርጅ ሊጎውስኪ የተባለ ሰው በአየር ላይ እየተሽከረከረ የሚበር የሸክላ ሳሕን አውጥቶ ነበርና፥ ቀስ በቀስ ሸክላው የርግቢቱን ቦታ ወሰደ። ዛሬ ሳሕኑ የሚሠራው ከእውነተኛ ሸክላ ሳይሆን ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ሬንጅ ከመሰለ ማጣበቂያ ነው፤ ወርዱ 110 ሚሊ ሜትር፥ ክብደቱም 105 ግራም ነው። በኦሊምፒክ የሚታወቁት ሁለት ዓይነት ጨዋታዎች ናቸው፤ ትራፕ በሚባለው ሳሕኑ ከተኳሹ 15 ሜትር ፊት ለፊት ካለ ጉድጓድ ተወርውሮ ይሸሻል፤ ስኪት በሚባለው ደግሞ በግራና በቀኝ ከቆሙ ከሁለት ቤቶች እየተወረወረ በተኳሹ ፊት ያቋርጣል። ለመማር ግን ይህ ሁሉ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ባዶ ሜዳ፥ ሳሕኑን የሚያስፈነጥር አነስተኛ የእጅ መወርወሪያ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዐዋቂ መምህር ይበቃሉ። ስብርባሪውን ግን ከብት እንዳይበላው ለቅሞ ማንሣት ይገባል።

ጀማሪ ሁሉ ከወፍ በፊት ሸክላ ይስበር የምንለው ስለ ምንድር ነው? ሸክላው ስለማይደማ ነው። ሸክላ የሳተ ሰው የሚያጣው የአንድ ጥይት ዋጋ ብቻ ነው። ቆቅን በከፊል የሳተ ሰው ግን እርሳስ በሥጋዋ ይዛ እንድትበርና በማይገኝ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሠቃይታ እንድትሞት ያደርጋል። ደግሞም የሚበርን ነገር የመምታት ብልሃት በንግግር የሚገኝ አይደለም። ፍሬው 30 ሜትር ለመድረስ ከአንድ ሴኮንድ ዐሥረኛው ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያች ቅጽበት በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚበር ወፍ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ፊት ያልፋል። ስለዚህ ተኳሹ የሚያነጣጥረው ወፉ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ነው። የቦኬ እረኛ ይህን ትምህርት ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ማማ ላይ ቆሞ የሚሮጠውን ዝንጀሮ በወንጭፍ ሲመታ ድንጋዩን የሚሰደው ከፊቱ አስቀድሞ ነውና።

ከዚህ በኋላ የጠመንጃው ምርጫ ይመጣል። አሠራሩ ልዩ ልዩ ነው። ከወገቡ የሚታጠፍ ባለ አንድ አፈሙዝ አለ፤ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን የያዘ አለ፤ ሁለቱ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበሩበትም አለ። ደግሞ በግራ እጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተሳበ የሚጎርስ፥ ራሱም እየጎረሰ የሚተኩስ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው እኛ የምንመክረው አፈሙዞቹ ተነባብረው ከወገቡ የሚታጠፈውን ነው፤ አቅሙ ካልፈቀደለት ባለ አንዱ አፈሙዝ ይበቃዋል። ምክንያቱም ይህ ጠመንጃ በተከፈተ ጊዜ ባዶ መሆኑን ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን አብሮት ያለው ሁሉ ከሩቅ ያያል። ራሱ የሚጎርሰው መሣሪያ ትከሻን እምብዛም ባይመታም፥ በሆዱ ጥይት መቅረቱ በቀላሉ አይታይም፤ ብዙ ብልቶች ስላሉትም በአቧራማ አገር ጽዳቱ አድካሚ ነው።

የጠመንጃው ስፋት በቁጥር ይጠራል፤ አቆጣጠሩም ከልማዳችን የተገለበጠ ነው። 12 ቁጥር ማለት፥ በአፈሙዙ ልክ ከተሠሩ የእርሳስ እንክብሎች 12ቱ አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ይመዝናሉ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲበዛ አፈሙዙ ይጠባል፤ 12 ቁጥር 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል፥ 20 ቁጥር ደግሞ 15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለሸክላም ለወፍም ለሁለቱ የሚያገለግል 12 ቁጥር ነው፤ ጥይቱም ከሌላው ይልቅ በብዛት ይገኛል። ሰውነቱ ቀጭን ለሆነ ሰው 20 ቁጥር ሊሻለው ይችላል። ከሁሉ የሚጠበውና 410 የሚባለው ግን የልጅ መሣሪያ መስሎ ይታያል እንጂ፥ ፍሬው ጥቂት ስለሆነ ለተካነ ተኳሽ ካልሆነ ለጀማሪ አይመከርም።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን ልኩ ይበልጣል። በምኒሽር ሲያነጣጥሩ ፊትና ኋላ ማነጣጠሪያ አለ፤ በሾትገን ግን የኋላው ማነጣጠሪያ የተኳሹ ዓይን ራሱ ነው። ስለዚህ ሰደፉ ከገዢው አንገት፥ ጉንጭና ክንድ ጋራ ካልተስማማ ጠመንጃው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ወዳላየበት ይተኩሳል። መፈተኛው እንዲህ ነው፤ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ካረጋገጡ በኋላ፥ ሰው በሌለበት አቅጣጫ አንድ ነገር ተመልክቶ፥ ዓይን ጨፍኖ ጠመንጃውን ወደ ትከሻና ወደ ጉንጭ ማምጣት፤ ከዚያም ዓይንን መግለጥ። ዓይኑ በአፈሙዙ ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያይ ከሆነ ልኩ ነው። በአፍንጫውና ሰደፉን በያዘው አውራ ጣት መካከልም ሁለት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ቢኖር መልካም ነው። ከሁለቱ ዓይኖች የትኛው እንደሚመራም አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ሁለቱንም ገልጦ በጣት ወደ ሩቅ ነገር አመልክቶ፥ አንዱን ቢጨፍኑ ጣቱ ከነገሩ ላይ ካልተናወጠ፥ ያልተጨፈነው መሪው ዓይን ነው።

ክብደቱም የሚታሰብ ነው። ቀላል ጠመንጃ በሱቅ ውስጥ ሲያነሡት ደስ ያሰኛል፤ በተተኮሰ ጊዜ ግን ትከሻን አጥብቆ ይመታል፤ ትከሻው የተመታ ጀማሪም ቃታ ሲስብ ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፤ ይህም ልማድ ቶሎ አይለቅም። ከ3.2 እስከ 3.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን 12 ቁጥር፥ 71 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈሙዝ ኖሮት፥ ከ24 እስከ 28 ግራም ጥይት ቢጎርስ ለጀማሪ የሚበቃ ነው። በኦሊምፒክ ለሚወዳደሩትም የተፈቀደው 24 ግራም ብቻ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ኀይል አለመፈለጋቸው ለትምክሕተኛ ሰው ትምህርት ይሁነው።

በአፈሙዙ ጫፍ ቾክ የሚባል ጥበት አለ፤ የፍሬውን መበታተን የሚወስነው እርሱ ነው። 36 ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ፥ ወርዱ 76 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ፥ እጅግ ጠባቡ ከፍሬው 70 በመቶ ያህል ሲያገባ፥ ምንም ጥበት የሌለው 40 በመቶ ያህል ያገባል። ብዙ ጀማሪ ጠባቡን ይመኛል፤ ሩቅ ይመታልና። ነገር ግን ጠባቡ በቅርብ ለሚነሣ ቆቅ ወይም ይስተዋል ወይም ሥጋውን ያደቅቃል። ስለዚህ ጥበቱ በብሎን የሚለዋወጥ አፈሙዝ መምረጥና በሰፊው ወገን መጀመር ይሻላል።

ይህ ነገር ለካህናት አንባቢዎቻችን ልዩ ትርጉም አለው። ኦሪት በዘሌዋውያን 17ኛው ምዕራፍ፥ የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲከድን ታዝዛለች፤ በዘዳግም 22ኛው ምዕራፍም እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋራ እንዳይወስድ ትከለክላለች። በሕዝባችንም ልማድ ቢላዋ ሳይደርስባት የሞተች ወፍ በክት ናት፤ እስላሙም ጎረቤታችን ስለ አስተራረዱ በሕጉ ይጠነቀቃል። እንግዲህ በቦኬ የሚያድን ሰው በ50 ሜትር ወፍ ጥሎ ቢመካ ምን ይጠቅመዋል? እስኪደርስላት ድረስ ሞታ ለማንም የማትበላ ትሆናለች። በአገራችን ሥርዓት የሚያድን ሰው ቅርብ መተኮስ፥ የወደቀችውን ወዲያው መፈለግ፥ በመራቢያዋም ወራት መተው ግድ ይሆንበታል። ካህኑ ራሱ ጠመንጃ ባይዝም፥ የነፍስ ልጁ ጠመንጃ በያዘ ጊዜ ይህን ሊያስተምረው ይገባል።

አሮጌ ጠመንጃ ለሚገዛ ሰውም ጥቂት ማስጠንቀቂያ አለን። አፈሙዙን ከፍቶ ወደ ብርሃን በማየት ዝገት፥ ጉድጓድና መሰርጎድ መኖሩን ይመርምር፤ ሲዘጋ የሚወዛወዝ ከሆነ ይተወው። እንደ ጨርቅ ሽመና ጥለት የሚታይበት የጥንት አፈሙዝ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ስለሆነ በዛሬ ጥይት ሊፈነዳ ይችላል። የጥይቱ ቤት ርዝመት በአፈሙዙ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ለ65 ሚሊ ሜትር በተሠራው ውስጥ የ70 ሚሊ ሜትር ጥይት ማጉረስ አይገባም። ከሁሉም የሚከፋው ጥይት መቀላቀል ነው፤ የ20 ቁጥር ጥይት በ12 ቁጥር አፈሙዝ ውስጥ ሾልኮ ከመካከል ይወተፋል፤ ባለቤቱም ባዶ መስሎት በኋላው 12 ቁጥር ጨምሮ ቢተኩስ አፈሙዙ ተሰንጥቆ እጁን ይወስዳል። ባለ 20 ቁጥሩ ቀለህ ብዙውን ጊዜ ቢጫ የሚሆነው ይህ እንዳይደርስ ነው። በገንዘብ የቸኮለች አፍሳ ብትለቅም ገንዘቧን ታገኝ ይሆናል፤ በጠመንጃ የቸኮለ ግን የፈሰሰውን አይለቅምም።

በጨርጨር ተራሮች፥ ከጭሮ ብዙ ሳይርቅ፥ ቁኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ ይገኛል። ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ ነው፤ ቁጥሩም ስለ ተመናመነ የመጥፋት አደጋ ያሰጋዋል። ሾትገን የያዘ ሰው ድንገት እንዲህ ያለውን እንስሳ ቢያገኝ ሕጉ እንደሚከለክለው ብቻ አይደለም ማወቅ ያለበት፤ የወፍ ፍሬ ትልቅ እንስሳን አቁስሎ ያሠቃያል እንጂ በሚገባ እንደማይገድልም ይወቅ። ዝንጀሮና ከርከሮ ማሽላውን ሲያጠፉበት የተቸገረው ገበሬም በራሱ እጅ ከመፍረዱ በፊት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከት ይገባዋል፤ መሥሪያ ቤቱም አቤቱታውን ፈጥኖ ቢሰማ ገበሬው ሕግ ለመጣስ አይገደድም።

እንግዲህ ለዚያ ለቦኬው ጠያቂ መልሳችን ይህ ነው። ሁለቱን ፈቃድ አስቀድመህ ያዝ፤ ለሰውነትህ የሚስማማ፥ ሲከፈት ባዶነቱ የሚታይ፥ መካከለኛ ክብደት ያለው 12 ቁጥር ምረጥ፤ ጥይቱንና ጠመንጃውን ለየብቻ ቈልፍባቸው፤ መቶ ሸክላ ሳትሰብር አንዲት ቆቅ አትንካ፤ ከዒላማህም ኋላ ያለውን ሳታይ ቃታ አትሳብ። በሰው ፊት የሚያስከብረው ረጅም አፈሙዝ ሳይሆን ያልተተኮሰው ጥይት የሚሆንበት ቀን አለ፤ ይኸውም ቆቋ ተነሥታ በማሽላው ላይ ስትበር፥ ከኋላዋ ማማው ላይ የቆመውን ልጅ አይተህ ጠመንጃህን ያወረድህበት ቀን ነው። ያን ቀን ጎረቤትህ የሆነውን ላያውቅ ይችላል፤ ልጁ ግን ማታ በደኅና ወደ ቤቱ ይገባል።